ካቪቴሽን ምንድን ነው? ወይም የባክሆ ፓምፕ ለምን ይጮኻል?

ከትራክተር ኋላ በሚገጠም ባክሆ (የመቆፈሪያ ክንድ) የሠራ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ጠዋት ክንዱን ገና ሲያነሱት፣ በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ያፏጫል። ብዙው ኦፕሬተር "ሲሞቅ ይተወዋል" ብሎ ያልፈዋል፤ እውነትም አንዳንዴ ይተወዋል። ግን ያ ፉጨት ካቪቴሽን ከሆነ፣ ፓምፑ ከውስጥ እየተበላ ነው።

ፓምፕ ዘይት ይስባል እንላለን እንጂ፣ ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ገፍቶ የሚያስገባለት የከባቢ አየር ግፊት ነው። ይሄ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ 1 ባር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ደጋ ላይ የሚሠራ ማሽን ከመነሻውም አቅሙ ጠበብ ያለ ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ዘይቱ በብርድ ከወፈረ፣ የመሳቢያው ፊልትሮ ከተደፈነ ወይም ቱቦው ከውስጥ ተልጦ መንገዱን ከዘጋ፣ ፓምፑ የሚበቃውን አያገኝም። ያኔ መሳቢያው ጎን ግፊቱ ስለሚወርድ ዘይቱ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ከ100 ባር በላይ ወዳለው የግፊት ጎን ሲሻገሩም ባንዴ ይደረመሳሉ፣ እያንዳንዷም ስትደረመስ ብረቱን ትቦረቡራለች። ካቪቴሽን የሚባለው ይሄ ነው። እንዲህ የተጎዳ ፓምፕ ሲፈታ ውስጡ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል።

ከውጭ አየር ሲገባም ፓምፑ ይጮኻል፤ ያ ግን ሌላ በሽታ ነው። ማጠራቀሚያውን ክፈቱና እዩ። ዘይቱ አረፋ ከደፈቀ፣ ወይ ዘይት ጎድሏል ወይ የመሳቢያው መስመር አየር እያስገባ ነው። እዚያ መስመር ላይ ያለ ቀዳዳ ሞተሩ እየሠራ ዘይት ላያንጠባጥብ ይችላል፣ ወደ ውስጥ ነዋ የሚስበው። መገጣጠሚያው ላይ ግሪስ ቀቡና አዳምጡ፤ ድምፁ ከተለወጠ አገኛችሁት። (ከሚሽከረከረው ዘንግ ግን ራቁ! የግፊቱን ቱቦም በእጅ መዳበስ የለም፤ በቀጭኑ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ እጅ እስከማስቆረጥ ያደርሳል።)

ሁሉም የሚረሳው የማጠራቀሚያው መተንፈሻ ነው። አቧራ ከደፈነው አየር ስለማይገባ ዘይቱን የሚገፋው ይጠፋል። ክዳኑን ላላ ስታደርጉት ፉጨቱ ጸጥ ካለ፣ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ዘይት ላይ ደግሞ (ቁጥሩ የውፍረቱ መለኪያ ነው) "68 ቁጥር ይወፍራል፣ ይሻላል" የሚሉ አሉ። ለብርድ ጠዋት አይሻልም፤ መመሪያው 46 ካለ 46 ጨምሩ። ሞተሩን በዝግታ አሙቁት፣ ክንዱን ባዶውን ጥቂት ጊዜ አንቀሳቅሱት፣ ከዚያ ቆፍሩ። ፉጨቱ ካልቆመ አዲስ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት የመሳቢያውን ፊልትሮ አውጥታችሁ እዩት፤ እሱ ተደፍኖ እያለ አዲሱም ፓምፕ ብዙ አይቆይም።