የኢሜይል ንባብ ማረጋገጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤ የሚያደርስ ሰው ቀሪው ላይ አስፈርሞና ማኅተም አስመትቶ መመለሱ የቆየ አሠራር ነው። ኢሜይል የሚልኩ ብዙ ሠራተኞችም ይህንኑ ዋስትና ከንባብ ማረጋገጫ፣ ማለትም መልእክቱ ሲከፈት ወደ ላኪው ከሚመለሰው አጭር ማስታወቂያ ይጠብቃሉ። ማስታወቂያው ግን ከሚታሰበው ያነሰ ነገር የሚያረጋግጥ፣ ከሚታሰበው በላይም ተቀባዩን የሚያስቸግር ነው።

«ማረጋገጫው ከመጣ ተቀባዩ አንብቦታል።»

አሠራሩን የሚደነግገው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አርኤፍሲ 8098 የተባለ የኢንተርኔት መመዘኛ ሰነድ፣ መልእክቱ በስክሪን ላይ መታየቱ መነበቡንም ሆነ መረዳቱን እንደማያረጋግጥ በግልጽ ያስቀምጣል። የአንድን ኃላፊ የመልእክት ሣጥን ጸሐፊያቸው ከፍተውት ሊሆን ይችላል፤ ተቀባዩም መልእክቱን ከፍቶ ወዲያው ወደ ስብሰባ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፦ በአውትሉክ (በማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) መልእክቱን ሳይከፍት በቅድመ እይታ መስኮቱ ብቻ አንብቦ የሰረዘ ሰው፣ ሳያውቀው «ሳይነበብ ተሰርዟል» የሚል ማስታወቂያ ለላኪው ሊሄድበት ይችላል። በዚህ ምክንያት የሚፈጠር ቅሬታ መሠረት የለውም።

«ማረጋገጫ ካልመጣ ወይ አላነበበውም፣ ወይ ንቆኛል።»

ማረጋገጫ መላክ ወይም አለመላክ የተቀባዩ መብት ነው። አውትሉክ መልእክቱ ሲከፈት ማረጋገጫ ይላክ እንደሆነ ተቀባዩን ሊጠይቅ ይችላል፤ «አይላክ» ብሎ መመለስም ነውር አይደለም። ከዚህም ሌላ ጥያቄውን ጨርሶ የማያስተናግዱ ፕሮግራሞች አሉ። ጂሜይል አገልግሎቱን የሚሰጠው ለድርጅትና ለትምህርት ቤት አካውንቶች ብቻ ሲሆን፣ በእነዚያም ቢሆን አስተዳዳሪው መፍቀድ አለበት።

«የመድረስ ማረጋገጫና የንባብ ማረጋገጫ አንድ ናቸው።»

የመድረስ ማረጋገጫን የሚሰጠው ሰርቨር፣ ማለትም ኢሜይሉን ተቀብሎ የሚያስቀምጠው ኮምፒውተር ነው፤ መልእክቱ የተቀባዩ ሣጥን ውስጥ መግባቱን ብቻ ይናገራል፣ ተቀባዩንም ምንም አይጠይቀውም። ማወቅ የሚፈለገው መድረሱን ብቻ ከሆነ፣ ጨዋው ምርጫ ይህ ነው።

«ለሁሉም ኢሜይል ማረጋገጫ መጠየቅ ጥንቃቄ እንጂ ጉዳት የለውም።»

ከሁሉም ይበልጥ ሰዎችን የሚያስቀይመው ይህ ልማድ ነው። አውትሉክ ለሚላከው መልእክት ሁሉ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ፣ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» የምትል አንዲት መስመር እንኳ ተቀባዩ ፊት ጥያቄ ይዛ ትቀርባለች። ለ40 ሰዎች የተላከ የስብሰባ ጥሪም እስከ 40 የሚደርስ ማስታወቂያ ይዞ ይመለሳል፤ ላኪው ራሱ አንዱንም ላያየው ይችላል። አለቃ ለበታቹ በላከው ቁጥር ሲጠይቅ ቁጥጥር ይመስላል፤ የበታች ለአለቃው ሲጠይቅ ደግሞ፣ ፊት ለፊት «አንብበውታል ወይ?» ብሎ የማይደፍረውን በማሽን በኩል እንደመጠየቅ ይቆጠርበታል። የጨረታ ሰነድ ማስገቢያ ቀን ሲለወጥ ወይም የፈተና ሰዓት ሲሸጋሸግ ጥያቄው ምክንያት አለው። በእንዲህ ያለ ጊዜም ቢሆን በመልእክቱ መጨረሻ «መልእክቱ መድረሱን እስከ ሐሙስ 9 ሰዓት በአንድ መስመር ቢያሳውቁኝ» ብሎ መጻፍ የተሻለ ነው፤ ምላሹ ከፕሮግራም ሳይሆን ከሰው ይመጣልና።

«ተቀባዩ ሳያውቅ መከታተል ይሻላል።»

አንዳንድ አገልግሎቶች ፈቃድ ሳይጠይቁ፣ በዓይን የማትታይ የአንድ ፒክስል ምስል በመልእክቱ ውስጥ ይደብቃሉ፤ ምስሏ ስትጫን መልእክቱ እንደተከፈተ ይመዘግባሉ። ይህ ተቀባዩ «አይላክ» የሚልበትን ዕድል ስለሚነሣው ከግልጽ ጥያቄ የባሰ ነው። አስተማማኝም አይደለም፦ አፕል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ከአይኦኤስ 15 (ከአይፎን ሥርዓተ ክወና) ጋር ያቀረበው የኢሜይል ግላዊነት ጥበቃ፣ ባበሩት ሰዎች ዘንድ ምስሎችን መልእክቱ ሳይከፈት ከጀርባ ስለሚጭን፣ ላኪው መልእክቱን ያልከፈተውን ሰው እንኳ እንደከፈተው አድርጎ ይቆጥራል።