በአዲስ አበባ ዳርቻ የሠልጣኝ ሐኪሞች ዱቲና ድካም

ሠልጣኝ ሐኪም የሚባሉት በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ኢንተርን ነው፦ የሕክምና ትምህርቱን የመጨረሻ ዓመት በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት እንዲሁም በማህፀንና ጽንስ ክፍሎች እየተዘዋወረ ይሠራል። ሁለተኛው ሬዚደንት ነው፤ ጠቅላላ ሐኪም ከሆነ በኋላ ለስፔሻሊቲ እንደየዘርፉ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይሠለጥናል። ሁለቱም በወረቀት ተማሪዎች ናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሆስፒታሉን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

ድካሙን ለመረዳት ሰዓቱን መቁጠር ይቀድማል። መደበኛው የመንግሥት ሥራ ጠዋት 2:30 ተጀምሮ 11:30 ያበቃል፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሳምንቱ መደበኛ ሰዓት ከ39 እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። ዱቲ፣ ማለትም ከመደበኛው ሰዓት ውጭ የሚሠራ ተረኝነት፣ ያለበት ሠልጣኝ ግን ከ11:30 እስከ ማግስቱ 2:30 ያለውን 15 ሰዓት እዚያው ያድራል። ነግቶ ወዲያው ቢወጣ 24 ሰዓት ሞልቷል። ብዙ ጊዜ ወዲያው አይወጣም፤ ሞርኒንግ በሚባለው የጠዋት ስብሰባ ላይ ሌሊት የተቀበላቸውን ሕሙማን ቆሞ ያቀርባል፣ የሲኒየሮቹን ጥያቄ ይመልሳል፣ ከዚያ ሕሙማኑን እየዞሩ የሚያዩበትን ራውንድ ይከተላል። እስከ 6:30 ከቆየ 28 ሰዓት፣ እስከ 11:30 ከቆየ 33 ሰዓት ሠርቷል ማለት ነው። ዱቲው በየሦስት ቀኑ እየደረሰ ሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ላይ ቢውል፣ በ39ኙ ሰዓት ላይ ሁለት ሌሊትና አንድ ሙሉ ቀን ከነሌሊቱ ተጨምሮ የሳምንቱ ድምር 93 ይደርሳል።

በእነዚህ ሰዓታት የሚሠራው ሁሉ ሕክምና አይደለም፤ ይህ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል። ኢንተርኑ ደም ይቀዳል፣ ናሙናውን ራሱ ይዞ ላብራቶሪ ይሮጣል፣ ውጤቱን ተመልሶ ይጠይቃል፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ያፈላልጋል፣ በሽተኛ በስትሬቸር እየገፋ ራጅ ክፍል ያደርሳል። ሆስፒታሉ ውስጥ የሌለውን መድኃኒት ከውጭ ገዝተው እንዲያመጡ ለአስታማሚዎች የሚነግራቸውም፣ ገንዘብ የለንም ሲሉት ፊታቸው የሚቆመውም እሱ ነው። ተላላኪና ተጨማሪ ነርስ ቢኖር ከዚህ ሥራ ብዙው ከትከሻው ይወርድ ነበር።

ሰውነት ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፤ ንቃት ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት እንዳሳየው 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሣ ኢንተርን 17 ሰዓት የሚሞላው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ሌሊቱ ገና አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተደረገ ጥናትም በተለመደው ረጅም ዱቲ የሚሠሩ ኢንተርኖች፣ ሰዓታቸው ከተቀነሰላቸው ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስህተት እንደሚሠሩ አሳይቷል። ጉዳቱ በበሽተኛው ላይ ብቻ አይቆምም። እጁ የዛለ ሐኪም በመርፌ ራሱን ይወጋል፤ ያኔ ከኤች አይ ቪ የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

በከተማዋ ዳርቻ ያሉ ሆስፒታሎች የራሳቸው ጫና አለባቸው። ወደ አምቦ በሚወጣው መንገድ በኩል ያለው ቅዱስ ጳውሎስ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን የሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። በጅማ መንገድ ዘነበወርቅ ያለው አለርት በሥጋ ደዌ ሕክምና ተጀምሮ ዛሬ አጠቃላይ አገልግሎት ይሰጣል። በአቃቂ ቃሊቲ ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ በየካ በኩል ኤካ ኮተቤ አሉ፤ ኤካ ኮተቤ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ የሕሙማኑ ዋና መቀበያ ነበር። እንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች የሚያስተናግዱት የአዲስ አበባን ሰው ብቻ አይደለም። ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከገላን፣ ከዚያም ርቆ ካለ ወረዳ ሪፈር የተጻፈለት ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው የከተማዋን በር ነው። ከአዳማ መንገድ የመኪና አደጋ፣ ከአቃቂ ፋብሪካዎች የሥራ ላይ ጉዳት ይመጣል።

ዱቲው ካለቀ በኋላ መንገዱ አለ። የቤት ኪራይ ከመሀል ከተማ ያራቀው ወጣት ሐኪም ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ይኖርና በሌላኛው የከተማ ጫፍ ይሠራል። ታክሲ ተሰልፎ፣ መሀል ላይ ቀይሮ፣ ቤቱ ሲደርስ ሊተኛበት የሚችለው ጊዜ በመንገድ አልቋል። መኪና የሚነዳው ደግሞ ሌላ አደጋ ያሠጋዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከረጅም ዱቲ በኋላ የሚነዳ ኢንተርን የመጋጨት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ እንደሚጨምር አግኝቷል።

ሌሎች አገሮች ወደ ገደብ የመጡት በሐዘን በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒውዮርክ ውስጥ ሊቢ ዚዮን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት በሠልጣኞች እጅ ሆስፒታል ገብታ ሞተች፤ የአባቷ ክስና ክርክር ግዛቲቱ በ1989 በሳምንት 80 ሰዓት፣ በተከታታይ 24 ሰዓት የሚል ወሰን እንድታወጣ አደረገ። ወሰኑ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ መላ አሜሪካ ሰፋ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የሠልጣኝ ሐኪሞችን ሳምንት እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 48 ሰዓት አወረደ።

እኛ ዘንድ ዱቲ ሲቆጠር የኖረው በዋናነት ለክፍያ ነው፤ ለእረፍት የሚቆጥረው የለም። በ2011 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች አደባባይ ሲወጡ፣ በግንቦት 2017 ደግሞ ሥራ ሲያቆሙና አንዳንዶቹ ሲታሰሩ፣ ጎልቶ የተሰማው የደመወዝ ጥያቄ ነበር፤ የሥራው ሁኔታም አብሮ ተነሥቷል። ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ባለበት አገር ሰዓት ይቀነስ ማለት ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፖስት ዱቲ የሆነ፣ ማለትም ዱቲ አድሮ የነጋለት ሰው ከርክክብ በኋላ በእርግጥ እንዲወጣ ማድረግ፣ ሌሊት አንድ ተላላኪ መመደብ፣ በዱቲ ሩም ንጹሕ አልጋ ማዘጋጀትና በተራ አንድ ሰዓት ተኩል ማስተኛት አዲስ ሐኪም አይጠይቁም። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው አእምሮው እስኪጠራ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅበት ስለሚችል፣ በዚያ መካከል መድኃኒት ሲያዝ ሌላ ዓይን አብሮት ቢያይ ይመረጣል።