የዋይፋይ ድራይቨርና የሀገር ሕግ፦ ላፕቶፑ ወሎ መሆኑን በምን ያውቃል?

ዋይፋይ የሚሠራባቸውን ሞገዶች ለመጠቀም ቤት ውስጥ ያለ ሰው ፈቃድ አያወጣም። ይህ ማለት ግን ሞገዶቹ ልቅ ናቸው ማለት አይደለም። የትኛው ቻናል (የሞገዱ ቁጥር የተሰጠው ክፍል) እንደሚፈቀድና ሲግናሉ ምን ያህል ጉልበት ሊኖረው እንደሚችል የሚወስነው እያንዳንዱ ሀገር ነው። እኛ ጋ ጉዳዩን የሚይዘው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። ደሴም ሆነ ላሊበላ፣ ሕጉን በየላፕቶፑ ውስጥ በተግባር የሚያስከብረው ግን ድራይቨሩ፣ ማለትም የዋይፋይ ካርዱን የሚያዝዘው ሶፍትዌር ነው።

ድራይቨሩ ደግሞ የት እንዳለ አያውቅም። ካርዱ ቻይና ተሠርቶ፣ አሜሪካ ተሸጦ፣ በዘመድ ሻንጣ ኮምቦልቻ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ፍንጭ ይፈልጋል። አንዳንዱ ካርድ ከፋብሪካ የተጻፈበት የሀገር ኮድ አለው። ራውተሮች ስማቸውን ሲያሰራጩ የሀገር ኮድ አብረው ሊልኩ ይችላሉ። ተጠቃሚውም ራሱ መናገር ይችላል። የኢትዮጵያ ኮድ «ኢቲ» (ET) ነው።

ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ላይ ይህ ሥራ በግልጽ ይታያል። የየሀገሩ ደንብ አንድ የመረጃ ፋይል ውስጥ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ማንም እንዳይነካካው ዲጂታል ፊርማ አለው። ከ4.15 ስሪት ጀምሮ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ይህን ፋይል በቀጥታ ያነባል። ፍንጭ ከሌለ «ዜሮ ዜሮ» የሚባለውን የዓለም ደንብ ይይዛል። ይህ ደንብ ቆጣቢ ነው። ከ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሎች ከ1 እስከ 11 በነፃነት ያሠራል፤ 12ና 13 ላይ ግን ካርዱ መጀመሪያ ዝም ብሎ ያዳምጣል እንጂ ቀድሞ አይናገርም። 5 ጊጋኸርዝም ላይ እንዲሁ ነው። ላፕቶፑን 5 ጊጋኸርዝ ሆትስፖት ለማድረግ ሞክሮ እምቢ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኼው ነው፤ ካርዱ አልተበላሸም።

ሁለት ፍንጮች ሲጋጩ ከርነሉ ባብዛኛው ሁለቱም የፈቀዱትን ብቻ ይወስዳል። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። ተጠቃሚው ኮድ በመቀየር ደንቡን ማጥበቅ እንጂ ካርዱ ከተፈቀደለት በላይ ማስፋት የለበትም።

ቻናል 13ን እንይ። ደሴ ፒያሳ ያለ አንድ ካፌ ራውተሩን 13 ላይ አድርጎታል እንበል፤ እኛ ሀገር ይፈቀዳል። የአብዛኛው ደንበኛ ስልክ ያገኘዋል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ላፕቶፕ የያዘው ግን የካፌው ስም ጭራሽ ላይመጣለት ይችላል፤ እዚያ የተለመደው እስከ 11 ነውና። ፓስወርድ መቀየርም ሆነ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት አይፈታውም። ወደ 1፣ 6 ወይም 11 ማዛወር ይፈታዋል።

ሌላው ፈተና ጉልበት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ለኢትዮጵያ የተመዘገበው ጣሪያ 20 ዲቢኤም፣ ማለትም 100 ሚሊዋት ነው። ደሴ ገደላገደል ስለሆነች፣ ሲግናል ከጦሳ ተራራ ግርጌ ወደ ማዶ እንዲሻገር ኮዱን «ዩኤስ» የሚያደርጉ አሉ። አይጠቅምም። ዋይፋይ የሁለት ወገን ንግግር ነው፤ ጦሳ ላይ ሆኖ የሚጣራ ሰው ድምፁ ፒያሳ ቢደርስም፣ ከታች የሚመለስለትን ሹክሹክታ አይሰማም። የስልኩ ጉልበት ያው ነው። ለጎረቤት የሚተርፈው ረብሻ ብቻ ነው። አቅጣጫ ያለው አንቴና ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ጣሪያው አንቴናው የሚጨምረውን ጉልበት አካትቶ እንደሚቆጠር ሳይረሳ።

5 ጊጋኸርዝ ላይ ከራዳር ጋር የሚጋሩ ቻናሎች አሉ። ለኢትዮጵያ የተመዘገበው ደንብ የአውሮፓን አሠራር ይከተላል። ራውተሩ እነዚህ ቻናሎች ላይ ከመናገሩ በፊት 60 ሰከንድ ያዳምጣል። የአየር ሁኔታ ራዳር በሚገኝበት ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ደግሞ 10 ደቂቃ። ራዳር ከሰማ ቻናሉን ለቆ 30 ደቂቃ አይመለስበትም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይህ በዓይን ይታያል። የ2.4 ስም ወዲያው ይመጣል፤ የ5 ግን ይዘገያል። «ራውተሩ ተቃጠለ» ብሎ ደጋግሞ ማጥፋት ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል። መታገሥ ነው፤ ወይም ከ36 እስከ 48 ያሉትን መጠቀም። እነሱ ይህ ግዴታ የለባቸውም።

አሁን በየትኛው ደንብ እየሠራችሁ እንደሆነ ለማየት ተርሚናል ላይ «አይደብልዩ ሬግ ጌት» (iw reg get) የተባለውን ትዕዛዝ መጻፍ ይበቃል፤ «ሬግ ሴት» ከኢቲ ጋር (iw reg set ET) ሲሰጥ ኮዱን ይቀይራል። የቅርብ ጊዜ የኢንቴል ካርዶች ግን ይህን አይሰሙም፤ የውስጥ ሶፍትዌራቸው ዙሪያውን አዳምጦ ራሱ ይወስናል። በእነሱ ላይ ኮድ ለመቀየር መድከም ትርፉ ጊዜ ማባከን ነው። ራስበሪ ፓይ ለፕሮጀክት የገዛችሁ ተማሪዎች ደግሞ ዋይፋዩ ተዘግቶ ብታገኙት አትደንግጡ። አዳዲሶቹ ሞዴሎች ሀገር እስኪመረጥ ድረስ አይከፍቱትም፤ ከዝርዝሩ ኢትዮጵያን ስትመርጡ ይከፈታል።