ቤት ተምረው ያደጉ ልጆች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በተለይ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ብዙ ወግ አጥባቂ የአሜሪካ ወንጌላውያን ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤት አስተምረዋል። ሐሳባቸው ልጁን «ከዓለም» መጠበቅ ነበር። እነዚያ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጅ ሆነዋል። ስለ እነሱ የሚወራው ግን ከኑሯቸው ጋር ብዙም አይገጥምም።

«ችግራቸው ዓይናፋርነት ነው»

ብዙዎቹ ዓይናፋር አይደሉም። ከትልቅ ሰው ጋር ሲያወሩ እንዲያውም ያስቀናሉ። ቸርች ነበራቸው፣ ቤቱም በወንድምና እህት የሞላ ነበር። የጎደላቸው መምረጥ ነው። የሚያነቡት መጽሐፍ፣ የሚሰሙት መዝሙር፣ የቀሚሱ ርዝመት፣ ጓደኛው ሳይቀር በወላጅ ተመርጧል። በአንዳንድ ቤት መታዘዝ ማለት ወዲያው፣ ያለ ጥያቄ፣ ደግሞም በደስታ መታዘዝ ነበር። ፊት ማጥቆር ራሱ እንደ ዓመፅ ያስቀጣል።

እንዲህ ያደገች ሴት አለቃዋ «ቅዳሜም ግቢ» ሲላት ፈገግ ብላ «እሺ» ትላለች። ንዴቱ የሚመጣው ማታ ነው። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብትባል መልሱ ይጠፋባታል፤ ከዚህ በፊት ማን ጠይቋት! ለእኔ ከጉዳቶቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ከውጭ ሲታይ ጨዋነት ስለሚመስል ማንም አያዝንላትም።

«18 ዓመት ሲሞላቸው ወጥተው ይገላገላሉ»

ይወጣሉ፤ ፍርሃቱም አብሯቸው ይወጣል። ጌታ በድንገት መጥቶ አማኞችን ብቻ ይወስዳል የሚለውን የንጥቀት ስብከት እየሰማ ያደገ ልጅ አስቡ። ከጓሮ ሲገባ ቤቱ ጭር ብሏል። ድስቱ ምድጃ ላይ ይንተከተካል፣ እናቱ የለችም። «ሁሉም ተወሰዱ፣ እኔ ቀረሁ» ብሎ ልቡ ቀጥ ይላል። እናቱ ልብስ አጥባ ብቅ ስትል ለማንም ትንፍሽ አይልም። እንዲህ ካደጉት መካከል፣ ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላም ባዶ ቤት ሲገቡ ያው ድንጋጤ እንደሚይዛቸው የሚናገሩ አሉ። እምነቱን የተዉትም ጭምር።

የወረቀት ጣጣም አለ። አንዳንዶቹ የልደት ምስክር ወረቀትና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ሳይወጣላቸው አድገዋል። ያለ እነዚህ መንጃ ፈቃድ ማውጣትም ሆነ ሥራ መቀጠር ጭንቅ ነው። ቴክሳስ በ2015 ወላጅ ለልጁ የማንነት ሰነድ እንዳይከለክል ሕግ ያወጣችው እንዲህ ያለ አቤቱታ ከተሰማ በኋላ ነው።

«ቤት የተማረ ጎበዝ ነው» ወይም «ምንም አያውቅም»

እንደ ቤቱ ነው። የቤት ትምህርት እስከ 1993 በ50ዎቹም ክፍለ ግዛቶች ሕጋዊ ሆኗል፤ ቁጥጥሩ ግን ለየቅል ነው። ኒውዮርክ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ትጠይቃለች፤ ቴክሳስ ወላጅ እንዲያሳውቅ እንኳ አታስገድድም። ልጅ በበዛበት ቤት ደግሞ ታላቋ እህት ታናናሾቿን ስታሳድግ የራሷ ሒሳብ ይቀራል።

«የንጽሕና ትምህርቱ ቢያንስ ለትዳር ጠቅሟል»

የንጽሕና ትምህርት የሚባለው እስከ ጋብቻ ድረስ ከወሲብ መራቅን የሚያስተምረው ነው። ራሱ ቤት ተምሮ ያደገው ጆሹዋ ሃሪስ በ1997 ወጣቶች የፍቅር ቀጠሮን እንዲተዉ የሚመክር መጽሐፍ አሳተመ፤ በእነዚህ ቤቶችም በሰፊው ተነበበ። በ2018 ግን በዋናው ሐሳቡ እንደማይስማማ ተናግሮ፣ የተጎዱትን ይቅርታ ጠይቆ ኅትመቱን አስቆመ። ሰውነቷ ወንዶችን ወደ ኃጢአት የሚጥል መሰናክል እንደሆነ ሲነገራት ያደገች ልጅ ያ ሐፍረት በሠርጓ ማግስት አይለቃትም።

«የሚናገሩት ወላጆቻቸውን ስለጠሉ ነው»

ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ይወዳሉ፤ ዛሬም የሚያምኑ አሉ። እናት ከሌሊት እስከ ሌሊት እንደለፋች ያውቃሉ። ቤት ተምረው ያደጉ ሰዎች በ2013 ማኅበር አቋቁመዋል። የቤት ትምህርት ይቅር አላሉም። የጠየቁት ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ልጁን አግኝቶ ትምህርቱን እንዲገመግም ነው። ቴክሳስን ጨምሮ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ይህን ዛሬም አያስገድዱም።