ስለ አካውንት ፈቃድ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

«ፓስወርዱ ጠንካራ ከሆነ በቂ ነው።»
ፓስወርድ የሚያረጋግጠው ማን እንደገባ ብቻ ነው። ከገባ በኋላ ምን መንካት እንደሚችል የሚወስነው ፈቃዱ ነው። አንድ ተለማማጅ ሠራተኛ የደመወዝ ፋይል መክፈት ከቻለ፣ ፓስወርዱን ቢያረዝም ምንም አይለወጥም።

«ኮምፒውተሩ የራሴ ነው፤ ሁሌም በአድሚን (ሁሉን ማድረግ በሚችለው አካውንት) ብገባ ምን አለበት?»
አለበት እንጂ! የምትከፍቱት ፕሮግራም የሚሠራው በእናንተ ሥልጣን ነው። ሳታውቁ የከፈታችሁት ቫይረስም እንደዚያው። ለዕለት ሥራ ተራ አካውንት ይኑራችሁ፤ አድሚኑን ሲያስፈልግ ብቻ ተጠቀሙበት። ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ፣ አንድን ትእዛዝ ብቻ በአድሚን ሥልጣን የሚያስኬደው ሱዶ የተሠራው ለዚሁ ነው።

«ፋይሉ አልከፈት ካለ 777 ፈቃድ ስጠው።»
ይሄ ምክር በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ለጊዜው ይሠራል። ሊኑክስ ላይ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ሲደመር 7። ሦስቱ አኃዞች በተራ የባለቤቱ፣ የግሩፑ (አንድ ላይ ፈቃድ የሚሰጣቸው አካውንቶች) እና የሌላው ሰው ሁሉ ናቸው። ስለዚህ 777 ማለት ማሽኑ ላይ አካውንት ያለው ማንም ሰው ፋይሉን እንዳሻው ይቀይረው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸው ባለቤትነቱ ነው፦ ፋይሉ ሩት (root) የሚባለው የሊኑክስ ዋና አድሚን ነው ባለቤቱ፣ ሊያነበው የሚፈልገው ዌብ ሰርቨር (ድረ ገጹን የሚያቀርበው ፕሮግራም) ደግሞ በሌላ አካውንት ነው የሚሠራው። ግሩፑን አስተካክሉና 640 ስጡት፤ ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ግሩፑ ያነባል፣ ሌላው ምንም። ደግሞም 777 ሁልጊዜ በር አይከፍትም። በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ ፕሮግራም) በፓስወርድ ፈንታ የምትገቡበትን የግል ቁልፍ ፋይል ሌላ ሰው ማንበብ ከቻለ ፕሮግራሙ ራሱ ቁልፉን አልጠቀምም ይላል።

«መጻፍ ከከለከልኩት ፋይሉን ሊያጠፋው አይችልም።»
ሊኑክስ ላይ ማጥፋት የሚወሰነው በፎልደሩ ፈቃድ ነው። ፎልደሩ ላይ መግባትና መጻፍ የሚችል ሰው፣ ማንበብ እንኳ የማይችለውን ፋይል ሊሰርዝ ይችላል።

«ግሩፑ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ግን እምቢ አለ።»
ወጥቶ እንደገና ይግባ። ዊንዶውስም ሊኑክስም አባልነቱን የሚያዩት በመግቢያ ሰዓት ነው።

«ሠራተኛው ሲለቅ ፓስወርዱን መቀየር ይበቃል።»
አይበቃም። በኤስኤስኤች ቁልፍ ይገባ ከነበረ አሁንም ይገባል። መጀመሪያ አካውንቱን ዝጉ፣ ቁልፉን አንሱ፣ ገብቶ ያልወጣበት ክፍት ሴሽን ካለ አቋርጡ። አካውንቱን ለመሰረዝ ግን አትቸኩሉ። ሊኑክስ የፋይል ባለቤትን የሚመዘግበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ያ ቁጥር ነገ ለአዲስ ሠራተኛ ከተሰጠ፣ የቀድሞው ሰው ፋይሎች በሙሉ የእሱ ይሆናሉ። ስለዚህ ፋይሎቹን አስቀድማችሁ ለሚረከበው ሰው አዛውሩ።