«እሱ ካልከፈለ እኔም አልከፍልም»፦ ስለ መረዳዳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከኮዬ ፈጬ እስከ የካ አባዶ፣ በኮንዶሚኒየም ስብሰባ የጥበቃና የደረጃ ጽዳት መዋጮ ሲነሳ አንድ ንግግር አይቀርም፦ «እገሌ ካልከፈለ እኔም አልከፍልም፤ ብድር በምድር ነው።» ፍትሕ ይመስላል። ግን አጥፊውን የሚጠቅም ስህተት ነው።

ብድር መመለስ በሁለት ሰዎች መካከል ይሠራል፤ የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሮበርት ትሪቨርስ እ.ኤ.አ. በ1971 ያብራሩት ይህንን ነው። ልጄን ካልጠበቅሽልኝ ልጅሽን አልጠብቅም፤ የሚጎዳው ያጠፋው ብቻ ነው። መዋጮ ሲቆም ግን የከፈሉትም ይቀጣሉ።

የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎቹ ኤርንስት ፌር እና ሲሞን ጌሽተር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙትን ሙከራ እንመልከት። አራት ሰዎች 20፣ 20 ነጥብ ይይዛሉ፤ ለጋራ የተዋጣ 1 ነጥብ ለእያንዳንዳቸው 0.4 ይመልሳል። ሁሉም ሙሉውን ቢያዋጡ 32 ይደርሳቸዋል። አንዱ ሳያዋጣ ቢቀር እሱ ከያዘው 20 ጋር 44፣ ሦስቱ 24። ሁለተኛው ተናዶ ቢያቆም የመጀመሪያው አጥፊ ወደ 36 ይወርዳል፤ አሁንም ከ32 ይበልጣል! ማዋጣታቸውን የቀጠሉት ሁለቱ ግን 16 ይቀራቸዋል፣ ከመነሻቸው በታች። ከዚህ በኋላ ማን ያዋጣል?

በሙከራው መዋጮውን ከፍ ያደረገው ያጎደለውን ለይቶ መቅጣት ነው፦ ቀጪው 1 ሲያወጣ ተቀጪው 3 ያጣል። ተሳታፊዎቹ ዳግም ስለማይገናኙ ብድር የመመለስ ተስፋ እንኳ አልነበረም።

«የሚረዳዳ ዘመድ ብቻ ነው» ለሚሉም፦ የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ዊልያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1964 ያቀረቡት ሐሳብ የዘመድን መረዳዳት ያስረዳል፤ በዕጣ ተገናኝተው ዕድር ያቋቋሙ ጎረቤታሞችን አያስረዳም። «ዕድርን ያቆመው ደግነት ነው» የሚለውም ጎዶሎ ነው፤ ስም ጥሪ፣ የቀሪ ቅጣትና ስረዛ የተጻፈበት ደንብ አለው። ዕቁብም በመተማመን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የደረሰው ዋስ አይጠራም ነበር።

ስለዚህ እናንተ ክፈሉ፤ ያልከፈለውን ለይታችሁ ጠይቁ። የከፈሉትን ቤት ቁጥር በየወሩ መግቢያው ላይ ለጥፉ። መጀመሪያ ማስታወሻ፣ ቀጥሎ ትንሽ መቀጮ፣ ሲደጋገም ከበድ ያለ። እ.ኤ.አ. የ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚዋ ኤሊኖር ኦስትሮም ለረጅም ጊዜ በጸኑ የጋራ ሀብት አስተዳደሮች ያስተዋሉት ይህንኑ ደረጃ በደረጃ ቅጣት ነው። በአንዴ የከበደ ቅጣት ሰውን ያስኮርፋል።

ያልከፈለውን እንዲጠይቅ አንድ ሰው ብቻ አትመድቡ፤ ጥላቻውን ብቻውን ሲሸከም ይተወዋል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ በየወሩ ተፈራረቁ። ሥራ ያጣ ጎረቤት ካለ ኮሚቴው ጊዜ ይስጠው፤ ዝርዝሩም ላይ «የተፈቀደለት» ይባል፣ ሌላው እንደ አጥፊ ቆጥሮት ማዋጣቱን እንዳያቆም።