ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ይህን ተረት የማያውቅ የለም። የሚተረተው ነገሩ ካለፈ በኋላ ለሚንጫጫ ሰው ነው። ሌባ ቤቱን ገፎት ከሄደ በኋላ አጥር ለሚያጥር፣ ፈተናው ካለቀ በኋላ ደብተር ለሚገልጥ።

ማን እንደተረተው አይታወቅም። ከየት እንደመጣ ግን ገጠር ያደገ ሰው አይጠፋውም። ጅብ በሌሊት መንደር ይገባል፣ በረት ይሞክራል። ውሻው ከሰው ቀድሞ ሽታውን ያውቃል። ግን ጅብ ውሻም ይበላል። ስለዚህ ጭራውን ቆልፎ ደጃፍ ላይ ይለጠፋል፣ ትንፍሽ አይልም። ጅቡ ሲርቅ ልቡ ይመለስና መንደሩን ይቀውጠዋል። ባለቤቱ ኩራዝ ይዞ ሲወጣ ጥጃው የለም። (እውነት ለመናገር በውሻው አልፈርድም። እኔም ብሆን ዝም ነበር የምለው።)

ተረቱ ትዝ የሚለኝ ስልኬ ላይ «አስቸኳይ! ኦ ኔጌቲቭ ደም የምትሰጡ» የሚል መልዕክት ሲመጣ ነው። ሰዉ ሼር ያደርጋል፣ የቻለ ይሮጣል። ደግ ነገር ነው። ችግሩ ጠዋት የተቀዳ ደም ወዲያው በሽተኛ ላይ አይሰቀልም። ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ መመርመር አለበት። ዓይነቱም መለየት አለበት። ወልዳ ደም አልቆም ያላት እናት ደግሞ ያን ሁሉ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም። በአገራችን በወሊድ ምክንያት እናቶችን ከሚገድሉ ነገሮች ዋነኛው ይኸው መድማት ነው። እሷን የሚደርስላት ባለፈው ሳምንት ማንም ሳይጠራው ሄዶ የሰጠ ሰው ደም ነው። ተመርምሮ፣ ምልክት ተለጥፎበት፣ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ።

በጩኸት የመጣው ሰውስ በከንቱ ደከመ? ኧረ በፍጹም። የእሱ ደም ለሚቀጥለው ሰው ይደርሳል። እዚህ ላይ ተረቱ ትንሽ ይጨክናል።

ድሮማ አሠራራችን ራሱ ጅቡ ከሄደ በኋላ ነበር። ደም ባንክ ከቀይ መስቀል ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ደም የሚገኘው ከበሽተኛው ቤተሰብ ነበር። ወንድም፣ አጎት፣ ጎረቤት በር ላይ ተሰልፎ ምትክ ይሰጣል። ዘመድ የሌለውስ? አሁን አብዛኛው የሚመጣው ከበጎ ፈቃደኞች ነው።

ታዲያ «በአንድ ትልቅ ዘመቻ መጋዘኑን ለምን አንሞላውም?» የሚል አይጠፋም። ደም እህል አይደለም፣ ጎተራ ገብቶ አይከርምም። ቀይ የደም ሴል ቢበዛ 42 ቀን ቢቆይ ነው። የካንሰር ሕሙማን በብዛት የሚፈልጉት፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት ከተቀዳ አምስት ቀን ገደማ ቢሆነው ይጣላል። ለቃጠሎና ደማቸው ለማይረጋ ሰዎች የሚሰጠው ቢጫው ፕላዝማ ብቻ ነው በረዶ ሆኖ እስከ ዓመት የሚቆየው። ሦስቱም ከአንድ ከረጢት ተለይተው ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ በዓመት አንዴ ግር ብሎ ከመሄድ ተራ በተራ መመላለስ ይሻላል። በተለይ ትምህርት ቤት ሲዘጋና ጾም ሲገባ፤ ያኔ ለጋሹ ይሳሳል።

እኛ አገር የሚሰጠው በየሦስት ወሩ ነው። መስከረም ላይ የሰጠ ታኅሣሥ ላይ ይመለሳል፣ ከዚያ መጋቢት፣ ከዚያ ሰኔ። ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ከ45 ኪሎ ጀምሮ። ጣት ይወጋሉ፣ የደም ግፊት ይለካሉ፣ የደም ማነስ ካለብህ «ሌላ ጊዜ ና» ብለው ይሸኙሃል። መቅዳቱ ራሱ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ባዶ ሆድህን ብቻ አትሂድ። ውሃም ጠጣ፣ ከሰጠህ በኋላም ቶሎ አትነሳ። የቀረበልህን ለስላሳ ጨርሰህ ውጣ።